ያላችሁ ጥፉ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። አንቺ በሩ ላይ የቆምሽው፣ ግቢና ተቀመጪ። እዚህ ቤት ግድግዳ ተደግፎ መቆም የራሱ ታሪክ አለው፤ እሱን ልነግራችሁ ነው የጠራኋችሁ። ያልተመቸው ትራስ ይውሰድ፤ ትራስ እዚህ ቤት ሞልቷል።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው በርና መስኮት ቀለም ስቀባ ነው የኖርኩት። ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ ጋዜጣም ቀስ እያልኩ አነባለሁ፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እዚያማ እንዲህ አይደረግም» የሚል አይጠፋም፣ ከዚያ ክርክሩ ወሬያችንን ይበላዋል።

በዚያች ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ገብቶ አያይም። ገብቶ ማየት ነውር ነበር፤ ሻጩን አለማመን ተደርጎ ይቆጠራል። ገዢው የዙሪያ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መነጽር ይታሰርለታል። መነጽሩ ውስጥ ቤቱ አለ። አንገቱን ቢያዞር መስኮቱን ያያል፣ ወንበሩን ቢያሽከረክር ጓዳውን ያያል፣ ቀና ቢል ኮርኒሱን። «ወድጄዋለሁ» ካለ ቤቱ የእሱ ነው። ይህን የዙሪያ ፎቶ ይሉታል። የሚያነሳው ካሜራ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ሆኖ ሳሎኑ መሀል ይቆማል፤ ከዚያ አናቱ ብቻ ቀስ እያለ ዙሪያውን ይዞራል፤ ዞሮ ሲጨርስ ጢጥ ይላል። ያቺን ጢጥታ በከተማው የማያውቃት አልነበረም።

የዙሪያ ሹም የሚባል ሰው ነበረ። ክፉ መልክ የለውም፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሰላምታ ያውቃል። መነጽሩን ግን ከዓይኑ አያወልቅም። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። ደንቡም አጭር ነበር፤ ፎቶው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ከቤቱ ጋር ይሄዳል፣ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር የለም። በቃ። ሰው ሁሉ ሲሰማው «ደግ ነው፣ ግልጽ ነው» አለ። እኔም ብያለሁ።

ችግሩ የጀመረው በድመት ነው። አንድ ቤት ሲነሳ ድመቷ ካሜራው እየዞረ በፊቱ ሮጠች። ፎቶው ሲወጣ ጭንቅላቷና ሁለት የፊት እግሮቿ አሉ፣ የኋላዋ የለም። ገዢው ቤቱን ሲረከብ ሙሉ ድመት ቀረበችለት። «እኔ የገዛሁት ግማሽ ድመት ነው» ብሎ ከሰሰ። ዳኞቹ መነጽር አድርገው አዩ፤ እውነትም ግማሽ ናት። ድመቷ እንድትቆረጥ ተፈርዶ ነበር፤ ጥሎባት ብልህ ስለሆነች በዚያው ጠፋች። ሻጩ እስካሁን ግማሽ ድመት ሲፈልግ ይኖራል።

ሌላው ቤት ደግሞ ደረጃው ፎቶው ላይ ተወላግዶ ወጣ። የካሜራው ስህተት ነበር፣ ሁለቱ የፎቶ ጫፎች ሲጋጠሙ አልገጠሙም። አናጢ ተጠራና ደረጃውን ሰብሮ እንደ ፎቶው አወላገደው። እዚያ ቤት ያሉ ሰዎች እስከ ዛሬ አንድ ደረጃ ዘለው ነው የሚወጡት፤ እንግዳ ሲመጣ «ፎቶው ላይ እንዲህ ነው» ይሉታል፣ እንግዳውም «ይቅርታ» ብሎ ይዘላል።

ሰውስ? ሰው ፎቶው ላይ መግባት የለበትም። ገዢ የሚፈልገው ባዶ ቤት ነዋ። ካሜራው ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ስለሚያይ ከኋላው መቆም ብሎ ነገር የለም፤ ኋላ የለውም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ቁልፉን ሊጫን ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ያላችሁ ጥፉ!» ይላል። ያኔ ሁሉም ይጠፋል። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ መጋረጃ ኋላ። አንሺውም ራሱ ሮጦ በር ኋላ ይቆማል። ቆይቶ ቆይቶ መጥፋት ሙያ ሆነ። ልጃገረድ ስትታጭ የሙሽራው እናት «ለመሆኑ መጥፋት ትችላለች?» ብላ ትጠይቃለች። «ወይ እሷ! በቡፌና በግድግዳ መሀል ትገባለች» ይባልላታል፣ እልል ይባላል።

አሁን ወደ ስንዱ ልምጣ። ስንዱ ፎቶ አንሺ ናት፣ የዙሪያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። የምትኖረው እኔ የምኖርበት ቤት፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ በእጇ አፏን የምትሸፍን ሴት ናት። የከተማውን ቤቶች በሙሉ ማለት ይቻላል አንስታለች፤ እሷ ግን አንድም ፎቶ ላይ የለችም። ሁልጊዜ በር ኋላ ናት። አንድ ቀን «አባባ ጓንጉል፣ የሰው በር ጀርባ በሙሉ አውቃለሁ፤ ቀለም የማይቀቡት በኩል እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም አልቀባውም ነበር፤ ማን ያየዋል ብዬ።

ልቧን የሰበራት የጫማ ሰፊው የአሰግደው ቤት ነው። «ያላችሁ ጥፉ!» ስትል አሰግደውና ሚስቱ ትጓደድ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፈው ሲገቡ አይታለች። ትጓደድ በሩን ከውስጥ ስትስበው የቀሚሷ ጫፍ ውጭ ቀርቶ ነበር፣ ስንዱ ራሷ አስገባችላት። መሥሪያ ቤቱ ቤቱን ሸጠው። ገዢው ዕቃውን ይዞ ሲመጣ ባልና ሚስቱ ምሳ እየበሉ ነው። «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልታዘዝ?» አለው አሰግደው። ገዢው መልስ አልሰጠም። ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ፎቶው ላይ ስላልነበሩ የሉም። የሌለን ሰው ሰላም ማለት እብደት ነው። ሶፋውን አምጥቶ ገበታቸው ላይ አስቀመጠው። መሥሪያ ቤት ሄደው ቢጮኹ መነጽር ተሰጣቸው፤ ቤታቸውን ዞረው ዞረው አዩት፤ እውነትም የሉም። ወጡ። ከዚያ በኋላ ገበያው ጥግ፣ እንደ እነሱ ከሌሉ ሰዎች ጋር፣ ሸራ ወጥረው ይኖሩ ጀመር።

አንድ ማለዳ ለፋፊው በእኛ ሰፈር መጣ። «ባለ ሰማያዊው በር ቤት ለፎቶ ተመርጧል! እንኳን ደስ አላችሁ!»

ሰማያዊውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ቤቱ የእማማ ደብሪቱ ነው። ባለቤቷ ከሞተ ጀምሮ ክፍሎቹን ለእኛ አከራይታ፣ ራሷ ሳሎኑ ውስጥ ጥጥ እየነደፈች ትራስ ትሰፋለች። በከተማው ደንብ ባለቤቱ ያረጀ ቤት፣ ባለቤቱ ባይጠየቅም፣ እንዲሸጥ ለፎቶ ይመረጣል፤ «ብዙ ኖረውበታል፣ ይበቃቸዋል» ተብሎ። ጎረቤት ከመቅጽበት ሞላ። ግማሹ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል፣ ግማሹ ደረቱን ይደቃል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም ባንድ ላይ።

እማማ ደብሪቱ ከጥጡ ቀና አላለችም። «ማነው አረጀች ያለው?» አለች።

«ሹሙ ናቸዋ» አላት ሸዋንግዛው። ሸዋንግዛው ልብስ ሰፊ ነው፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየ፣ አፉ የማያርፍ።

«የት አይቶኝ?»

«እሱስ አላዩዎትም። እሳቸው ሰው አያዩም።»

ስንዱን በዚያው ዕለት ሹሙ አስጠራት። እሷ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ። ወንበሩ ላይ ሆኖ አየር ላይ በጣቱ በር እየከፈተ ነበር።

«ባለ ሰማያዊ በሩን ቤት ነገ ታነሺያለሽ» አላት።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ እዚያ ነው የምኖረው።»

«የት?»

«ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል።»

«ጥሩ፣ እንግዲያው መንገዱ አይጠፋሽም። አልጋሽን ብቻ አስተካክለሽ ጥፊ።»

ወደ ቤት ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ካሜራውን በሩ ሥር አስቀምጣ እማማ ደብሪቱ አጠገብ ቁጭ አለች። እኔና ሸዋንግዛውም መጣን።

«የት ልትደብቂኝ አሰብሽ?» አለቻት እማማ ደብሪቱ። «ቁም ሳጥኑ አይበቃኝም። አልጋ ሥር ከገባሁ ደግሞ ጉልበቴ መውጣት እምቢ ይላል።»

«እማማ፣ እኔ ባላነሳው ሌላ ይልካሉ። እሱ ደግሞ እርስዎን አያውቅዎትም፣ ይገፈትርዎታል።»

«አንሺው እንጂ። እኔ መቼ አታንሺ አልኩ? አልደበቅም ነው ያልኩት።»

ስንዱ ያን ሁሉ ዓመት ቤት ስታነሳ አልደበቅም ያላት ሰው አልነበረም። የተቆጣ ነበር፣ ያለቀሰ ነበር፣ ግን እያለቀሰም ቢሆን መጋረጃ ኋላ ይገባል።

«ቢቆሙም አይጠቅምም» አለች ስንዱ። «ማጥፊያ ክፍል የሚባል አለ። አንድ ሰው ፎቶ ላይ ከገባባቸው ከጎኑ ካለው ግድግዳ ቁራጭ ወስደው ይለጥፉበታል። ቀለሙ አንድ ስለሆነ አይታወቅም። እርስዎንም እንደዚያ ነው የሚያደርጉዎት።»

እማማ ደብሪቱ መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰካች። «ከጎኔ ግድግዳ ባይኖርስ?»

«ታዲያ ምን ይኖራል?»

«ሰው።»

ስንዱ ተነሳች፣ ሳሎኑን ዞር ብላ አየችው፤ ካሜራው እንደሚያየው፣ ቀስ እያለች፣ ከመስኮት ወደ ጓዳ በር፣ ከጓዳ በር ወደ ቡፌው። «እማማ» አለች፣ «ይሄ ሳሎን ብዙ ሰው ይፈልጋል። እኛ አንበቃም።»

«ገበያው ጥግ የሌሉ ሰዎች አሉ አይደል?» አለች አሮጊቷ። «ሥራ ፈተው ነው የሚውሉት። ጥሪልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት መጡ። አሰግደው ያቺን የሰርጉን ኮት ለብሷል። ትጓደድ ፀጉሯን ተሠርታለች። ሌሎችም፣ ስማቸውን የማላውቅ፣ ከየቤታቸው በጨዋነት የጠፉ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እያስቀደመ ገቡ። መግቢያው ላይ ቆም ይላሉ፤ ቤት ሲገቡ መደበቂያ መፈለግ ልማድ ሆኖባቸዋል። አንዱ ሽማግሌ ቀጥ ብሎ መጋረጃው ኋላ ሄደ። «ኧረ ወዲህ ይምጡ አባቴ፣ ዛሬ ከመጋረጃው ፊት ነው» አለው ሸዋንግዛው፣ ክንዱን ይዞ። ሰውዬው ፊት ለፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ስንዱ ትከሻ ለትከሻ ደረደረችን። ረጃጅሞቹን ከኋላ ወንበር ላይ አቆመች፣ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ድረስ እንዳይታይ። መስኮቱ ላይ እማማ ደብሪቱ፣ ያላለቀ ትራሷን ታቅፋ። በሩ ጎን እኔ። ጓዳው በር ላይ አሰግደውና ትጓደድ። ቁም ሳጥኑን ሸዋንግዛው ሸፈነው፣ «እኔ ከእሱ ስለምሰፋ» ብሎ።

«ካሜራው ሲዞር ማንም አይነቃነቅ» አለች ስንዱ። «የተነቃነቀ እንደ ድመቷ ይሆናል።»

ቁልፉ ላይ እጇን አደረገች። መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀውን ጥሪ ማሰማት ነበረባት። «ያላችሁ…» አለችና ቆመች። የሁላችንም ጉልበት ከልማድ ሊታጠፍ ትንሽ ቀርቶታል። ትጓደድ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣለች።

«ጨርሺው እንጂ ልጄ» አለቻት እማማ ደብሪቱ።

«ያላችሁ ኑሩ!» ብላ ጮኸች ስንዱ። ድምፅ እንዳላት የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቁልፉን ተጫነች፣ በር ኋላ ግን አልሄደችም። ቀጥ ብላ መጥታ እማማ ደብሪቱ ጎን፣ ለእሷ በተተወላት ክፍተት ገባች፤ እጇንም አፏ ላይ አላደረገችም። ካሜራው ዞረ። በዓይኑ ያየን ይመስል ነበር፣ አንድ በአንድ። ጢጥ።

ፎቶውን ለሹሙ ይዛ ሄደች። መነጽሩ ውስጥ ሲያየው መጀመሪያ ወንበሩ ቆመ።

«አንዲት አሮጊት ታፈጥብኛለች» አለ።

«እማማ ደብሪቱ ናቸው።»

ወንበሩን አዞረ። «እዚህም ሰው አለ።»

«አሰግደው ይባላል። የእሱንም ቤት እርስዎ ሸጠውታል።»

እንደገና አዞረ፣ ደግሞ በሌላ በኩል፣ ቶሎ ቶሎ። ወዴት ቢዞር የሚያየው ዓይን ነው። «ይህቺ ደግሞ ማናት? ቀጭኗ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«አንቺማ ፎቶ ላይ አትገቢም!»

«ገባሁ።»

ከሥራ የተባረረችው እዚያው ነው። ካሜራውን ተቀበሏት። ፎቶውን ለማጥፊያ ክፍል ሰጡት። አጥፊዎቹ እማማ ደብሪቱን ቆርጠው አወጡና ከጎኗ ግድግዳ ሊወስዱ ቢሉ ስንዱ ናት። ስንዱን ቢያወጡ እኔ። ሰውን ሁሉ አውጥተው ሲጨርሱ ወለልና ኮርኒስ ብቻ ቀረ።

«ግድግዳውስ?» አለ ሹሙ።

«ከሰዎቹ ጋር ሄደ ጌታዬ።»

እንዲያም ሆኖ ለአንድ ገዢ አሳዩት። ገዢው ዞር ዞር ብሎ «ነፋሻማ ነው፣ ወድጄዋለሁ» አለ። ቆይቶ ግን «በሩ በየት ነው?» አለ። በር የለውም አሉት። «እንዴት ነው የምገባው?» ለዚህ ደንቡ ውስጥ መልስ አልነበረም። ቤቱን እንደ ፎቶው እናድርገው ቢሉ ግድግዳውን ሊያፈርሱ ነው፣ ካፈረሱት ደግሞ የሚሸጡት የላቸውም። እኛን ፎቶው ላይ ቢተዉን ሁላችንም ከቤቱ ጋር እንሄዳለን፣ እማማ ደብሪቱም ትራሷን ይዛ ለገዢው ትደርሳለች። ያን ያህል ሰው ማን ይገዛል?

ስለዚህ ሹሙ ካሜራውን ይዞ ራሱ መጣ። ቤት ረግጦ ስለማያውቅ የበሩ መድረክ አደናቀፈው። ሳሎን ሲገባ ሁላችንም በየቦታችን ነን። አልሄድንማ! አሰግደውና ትጓደድ ጓዳው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይኖሩ ጀምረዋል።

«ያላችሁ ጥፉ!» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

እማማ ደብሪቱ «ደህና ዋልክ ወይ ልጄ? ገብተህ ተቀመጥ» አለችው።

«ጥፉ እኮ ነው የምለው!»

«ሰማንህ» አለች። «ቤታችን ነው።»

ተናዶ ቁልፉን ተጫነ። ከተጫነ በኋላ ነው ነገሩ የገባው፤ ራሱም መደበቅ አለበት። ወደ በሩ ኋላ ሮጠ፤ መንገዱ ላይ ስንዱ ቆማለች፣ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ፤ ሸዋንግዛው አለ። ወደ መጋረጃው፤ ያ ሽማግሌ አለ፣ አሁን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ። ካሜራው መዞር ጀመረ። ሹሙ ከሌንሱ ፊት ፊት እየሮጠ ሳሎኑን ዞረ፣ መነጽሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ከእማማ ደብሪቱ የተነደፈ ጥጥ ኮቱ ላይ እየተለጠፈ። ካሜራው አይቸኩልም። ሹሙ ግን ደከመ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ ምንጣፉ ያዘው። ጢጥ።

እንደ ድመቷ ግማሹ ገባ። ግማሽ የተከፈተ አፍ፣ አንድ ክንድ፣ አንድ እግር አየር ላይ። እሱም በፎቶው ላይ ያለ ነውና በራሱ ደንብ ግማሹ ከቤቱ ጋር ይሄዳል።

ግማሽ ሆኖ ወጥቷል ብሎ ፎቶውን ይሰርዝ ቢሉት፣ ከድመቷ ጀምሮ እንዲያ የወጡት ፎቶዎች ሁሉ ይሰረዛሉ። ያጽድቅ ቢሉት ከነግማሽ ሰውነቱ ይሸጣል። አልሰረዘም፣ አላጸደቀም። ቤታችን የተመረጠም ያልተመረጠም ሳይሆን እስከ ዛሬ አለ። እማማ ደብሪቱ በየበዓሉ «ግማሽህ እኛ ዘንድ ነው፣ መጥተህ የድርሻህን ቤት ጥረግ» ብላ ትልክበታለች። እስካሁን አልመጣም።

አሰግደው ቤቱን አላገኘም፤ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፣ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ያ ቤቱን የገዛው ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ አሁን ፎቶ ላይ ስላለ፣ አንገቱን ሰብሮ ሰላም ይለዋል። ስንዱ ሸዋንግዛው ከየትም ፈልጎ ባመጣላት አሮጌ ካሜራ ትሠራለች። ለፎቶ የተመረጠ ቤት ሁሉ ከለፋፊው ቀድሞ እሷን ይጠራል። «ከነእኛ አንሺን» ይሏታል። ጥሪዋንም ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት እሷን ቀድመው «ያላችሁ ኑሩ!» ይሏታል፣ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ ትስቃለች።

ያ ሹሙ ራሱ ያነሳው ፎቶ እንግዲህ አለ። አንድ ቀን መነጽሩ ከደረሳችሁ ቶሎ አታውልቁት፤ አንድ ዙር ዙሩና ለሁሉም ሰላም በሉልን። በሩ ጋ ስትደርሱ የምታገኙት ሽማግሌ እኔ ነኝ፣ ዓይኑን የጨፈነው። የዙሪያ መሥሪያ ቤት ፎቶውን አይቶ «በሩ አጠገብ የተኛ ሰው አለ» ብሎ መዝግቦኛል። ልጆቼ፣ ካሜራው እኔ ጋ ሲደርስ ቅንድቤ ላይ ጥጥ አርፎ ነበር፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው የጨፈንኩት። አልተኛሁም። ቆሜ ነበር። ይህቺን ብቻ አስታውሱልኝ።